ደሴ እየሠሩ ሐይቅ መኖር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ላይ ጠየቀችኝ። «እውነት ሐይቅ እየኖሩ እዚህ መሥራት ይቻላል? በየቀኑ መመላለሱ አይሰለችሽም?» የደሴ የቤት ኪራይ አስጨንቋታል። ገና የስምንት ወር ልጅ አላት። መልሴ በምሳ ሰዓት አላልቅ አለ። ማታ ቤት ገብቼ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚያስቡትም ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እኔ ሐይቅ የገባሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ነው፤ ሒሳብ እይዛለሁ። ባለቤቴ እዚሁ ሐይቅ ያስተምራል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሐይቅ ስል ከተማዋን ነው፣ ሐይቁ ስል ደግሞ ውሃውን። ከተማዋ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ታገኟታላችሁ። ውሃው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው። ደሴ ያለ ሰው ሐይቅ እኖራለሁ ስትሉት መስኮት ስትከፍቱ ውሃው ፊት ለፊታችሁ የሚታይ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከአብዛኛው ሰፈር ውሃው ዳር ለመድረስ ባጃጅ መያዝ ወይም ደህና አድርጎ መራመድ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ውሃውን ለማየት ሰዓት ካልመደባችሁለት፣ ሐይቅ እየኖራችሁ ሐይቁን ሳታዩ ወር ያልፋል።

ደሴ እየሠሩ እዚህ የገቡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። የቆዩም አሉ፣ በዓመታቸው የወጡም አሉ። የወጡት መንገዱ የበዛባቸው ይመስላችኋል። አይደለም። የወጡት በጨለማ ወጥተው በጨለማ የሚገቡት ናቸው። ቅዳሜና እሑድን እንኳ ደሴ ያሳልፉ ነበር። ጎረቤት ስማቸውን አያውቅም፤ እነሱም የጎረቤት ስም አያውቁም። ከተማዋ መኝታ ቤት ሆነችባቸው። ስለዚህ ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን አስቀድሙልኝ፦ በሳምንት ውስጥ በቀን ብርሃን የምትታዩበት ሰዓት ይኑራችሁ። ቀሪው የዚህ ዝርዝር ነው።

ቤት ስትፈልጉ

ቤት የምትፈልጉት በክረምት ይሁን። ሐምሌ ወይም ነሐሴ። በበጋ ሁሉም ቤት ቆንጆ ነው።

እኔ የተከራየሁት በሚያዝያ ነበር። ቀለሙ አዲስ፣ ግቢው የተጠረገ። ደላላው «ከዚህ የተሻለ አታገኙም» አለን። አመንነው። የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልን። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ከታች ጀምሮ እየጠቆረ መጣ። ልብሳችን ቁም ሳጥን ውስጥ ሻገተ። ልጄ ያን ክረምት ሙሉ ስታስል ከረመች። አከራዩን ስንጠይቀው «ውሃ ዳር እንዲህ ነው» ብሎ አለፈን። እንዲህ አይደለም። ሐይቅ ውስጥ ደረቅ ቤት ሞልቷል፤ ፈልጎ ማግኘት ነው እንጂ።

አሁን ሰው ቤት ለማየት አብሬያቸው እንድሄድ ሲለምነኝ የማደርገው ይህ ነው። እጄን ዘርግቼ መዳፌን ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ አሳርፋለሁ። እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ደረቅ ግድግዳ ከእጅ ጋር እየሞቀ ይሄዳል። እርጥብ ግድግዳ እንደ ቀዘቀዘ ይቆያል፤ መዳፋችሁንም ስታነሱት ወዝ ይዛ ትመጣለች። ቁም ሳጥን ካለ ገፋ አድርጌ ጀርባውን አያለሁ። አዲስ ቀለም ከታች ብቻ የተቀባ ከሆነ ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። አከራዩ ቅር ቢለው ይበለው።

ከዚያ ቀጥሎ ውሃ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃው ደግሞ ይዛነፋል። ግቢው ሮቶ ካለው እሰየው። ከሌለው ሁለት በርሜልና ጥቂት ጀሪካን ግዙ። ውሃው የሚመጣው እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀን ቤት የሚውል ጎረቤት ያለበት ግቢ ምረጡ። እኔ ብቻዬን ግቢ ከመያዝ አከራይዋ አብረውኝ የሚኖሩበትን ግቢ የመረጥኩት ለዚህ ነው። እማማ በርሜላችንን ይሞሉልናል፤ እኔ ከደሴ የሚያዙኝን መድኃኒት ይዤላቸው እመጣለሁ።

አጎበር አትርሱ። ውሃ ያለበት ትንኝ አይጠፋም። ከዋናው መንገድ ያለውንም ርቀት በእግራችሁ ለኩት፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ይቆጫችኋል።

መንገዱ

እኔ የምነሳው ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። አዛን ሲል ውሃ ጥጄ ነው የሚያገኘኝ። 12 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ረዳቶቹ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያሉ ይጠራሉ። «አንድ ሰው» ማለት አራት ሰው ይቀራል ማለት ነው፤ ትለምዱታላችሁ። መኪናው ከሞላ በኋላ ቀን ደህና ከሆነ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደሴ ትገባላችሁ። ሥራ የምገባው 2 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ቀሪውን ጊዜ መደብሩ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ የዕለቱን ወረቀቴን አያለሁ። ይህችን ትርፍ ጊዜ አትቁረጧት። ጎማ ሲተነፍስ ወይም የጫነ መኪና ዳገቱ ላይ ሲቆም የምታድናችሁ እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት ሌላ ነው። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ የወጣው ተማሪና ሠራተኛ ሁሉ ይመለሳል። ሰኞ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ።

ልብስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሐይቅ ወይና ደጋ ናት፤ አየሯ ልዝብ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በክረምት ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት በሁለት ሰዓትም መብራት አብርተው ነው የሚነዱት። ከሐይቅ ስትነሱ አንድ ሸሚዝ ይበቃችኋል፤ ደሴ ስትወርዱ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። እኔ አንድ ወፍራም ሹራብ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ትቼ ነው የምመጣው። አንድ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቀለል ያለ ሻርፕ ደግሞ ለሁለቱም ይሆናል።

መንገዱ ጠመዝማዛ አለው። የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ባዶ ሆድም ጥግብ ብሎም አትሳፈሩ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። ሎሚ ያዙና ልጣጩን ጫር እያደረጋችሁ አሽቱት። ስልክ አትነካኩ። ከኋላ ወንበር የፊቱ ይሻላል።

ከጠዋቱ ይልቅ የሚከብደው ማታ ነው። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ብትወጡ መናኸሪያ ስትደርሱ ሰልፉ ረዝሞ ይጠብቃችኋል። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ደግሞ ሰልፍ አለ፣ መኪና የለም። እኔ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሐይቅ የሚል መኪና ብቻ አትጠብቁ። ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ የሚሉት ሁሉ በሐይቅ ነው የሚያልፉት። ቦታ ካላቸው ይጭኗችኋል፤ አንዳንዱ የሩቁን ታሪፍ ሙሉ ይጠይቃል፣ ቢመሽባችሁ ግን ክፈሉት። ሁለተኛው፣ ከሾፌሮቹ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በደንብ ተዋወቁ። ሰላም በሏቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቁ፣ ስልካቸውን ያዙ። የእኔ የጠዋት ሾፌር ማታ ሲመለስ «እህት ዓለም፣ የት ደረስሽ? ሰባት ሰው ይዣለሁ» ብሎ ይደውልልኛል። ይህ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። በየቀኑ ሰላም በማለት የመጣ ነው።

በረመዳን ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ሾፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም ለኢፍጣር ቤቱ መድረስ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት ግፊያ ነው፣ መግሪብ ሲቃረብ መንገዱ ጭር ይላል። እኔ አለቃዬን አስፈቅጄ ምሳ ሰዓቴን እሠራበትና አንድ ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ። ከመሸባችሁም ቦርሳችሁ ውስጥ ቴምርና ውሃ ይኑር። አንድ ቀን መንገድ ላይ መግሪብ ደረሰብን፤ ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ፤ አጠገቤ የነበሩ አንድ ነጠላ የለበሱ ክርስቲያን እናት ናቸው የውሃ ኮዳቸውን የሰጡኝ።

መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ያለፉትን ዓመታት ሁላችንም አብረን አይተናቸዋልና አልደብቃችሁም። ደሴ የምታድሩበት ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት አስቀድማችሁ ይኑራችሁ። ቅያሪ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ የሦስት ቀን እዚያ አስቀምጡ። ጠዋት ሳትወጡ ለሾፌሩ ደውሉ። እንደዚህ ባለ ቀን ሐይቅ ያለውን ልጅ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚቀበለው ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱት። ይህ ካልተዘጋጀ ሐይቅ አትግቡ ብዬ ነው የምመክረው፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ።

ቅሬ ግቡ

ሐይቅ በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ቅሬ ግቡ። ሌላው ቦታ ዕድር የሚለውን ነው እኛ ወሎ ቅሬ የምንለው።

«እኔ የምሠራው ደሴ ነው፣ ቀብር መድረስ አልችልም» እንዳትሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ስምንት ወር ቆየሁ። አንድ ቀን ሰፈራችን ሰው ሞተ። ማታ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነው። እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በፊታቸው አልፌ ቤቴ ገባሁ። ምን ብዬ እንደምገባ አላወቅኩም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ማታ ለእማማ ነገርኳቸው። «አብሽሪ» አሉኝ። «ነይ፣ አብረን እንገባለን።» እጄን ይዘው አስገቡኝ። ከዚያ የቅሬውን ዳኛ አነጋገሩልኝ።

ሰዉ ይረዳል። ቀን ሥራ የሚውል ሰው ሌሊት ያመሻል፤ እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ ቅዳሜ ዕቃ ያመላልሳል። እኔ ሒሳብ ስለምችል መዋጮውን እጽፍላቸዋለሁ። ከደሴ የሚገዛ ነገር ሲኖር እኔ እገዛለሁ። ሁሉም የሚችለውን ነው።

በእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ። ለወሎ ሰው ይህን መናገር ምን ያደርግለታል? ከሌላ አገር ለሥራ ለመጣችሁ ግን ይጠቅማችኋል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የእናቴ ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ቤታችን ሁለቱም በዓል ይከበራል። ድግስ ላይ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ስትጋበዙ የእናንተ የቱ እንደሆነ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያሳዩአችኋል። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ቡና ደግሞ የበለጠ ነው። «ቡና ድረሱ» ስትባሉ «ቸኩያለሁ» አትበሉ። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ አልችልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቼ ነው የምነሳው። በረካ ሳይጠጡ መነሳት ምርቃቱን ጥሎ መሄድ ነው። የሰፈሩን ነገር ሁሉ የምሰማው እዚያ ነው። የቱ አካባቢ ውሃ እንደመጣ፣ የትኛው ቤት እንደሚለቀቅ፣ ማን እንደታመመ። ያሁኑን ደረቅ ቤቴን ያገኘሁት በቡና ላይ ነው፣ በደላላ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ ሲመጣ ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። እማማ «እኔ የትም አልሄድም» ብለው ቀሩ። ስንመለስ በራችን በሽቦ ታስሮ ነበር። እሳቸው ናቸው ያሰሩት። ቁልፋችን ተሰብሮ ስላገኙት ነው። ውስጥ ከገባን በኋላ የተጓደለውን ሳልቆጥር መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሳቸው ቤት ነው። እግራቸውን ሳምኩ። «ምን ሆንሽ፣ ጎረቤት አይደለን?» አሉኝ።

ውሃውና አሳው

እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት የአሳ ነው። ለሌላ ነገር አልሰጠውም።

አሁን በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ነው። ድሮ ሐይቁ ውስጥ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ ነው የተለቀቀው። አምባዛም አለ። ልጆቼ ቆሮሶ ይወዳሉ፤ ባለቤቴ አምባዛ።

ስትገዙ ጠዋት በጊዜ ውረዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ፀሐዩም አሳውን ይጎዳዋል። መጀመሪያ ዓይኑን እዩት። ያልቆየ አሳ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ነው። የቆየው ዓይኑ ይገባል፣ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ከዚያ ስንጥቡን፣ የሚተነፍስበትን፣ በአውራ ጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ቡናማ ከሆነ መልሱት። ሆዱን ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ጣታችሁ የነካው ቦታ ወዲያው ሞላ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ጎድጉዶ ከቀረ ትናንት የወጣ ነው። ሽታውም የውሃ ሣር የውሃ ሣር ይላል እንጂ አፍንጫ አይወጋም።

ከመዳፍ ያነሰ አሳ ግን አትግዙ። ይህን አደራ የምለው ከልቤ ነው። ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ጥቃቅኑን ሁሉ የሚያወጡ አሉ። ያልወለደ አሳ ከወጣ የነገው ከየት ይመጣል? ዓሣ አጥማጁን አትስደቡት፣ እሱም የሚያበላው ልጅ አለው። «ተለቅ ያለ ከሌለህ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» በሉት። እኔ እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ደንበኛዬ ለእኔ ተለቅ ተለቅ ያሉትን ይለይልኛል።

ቤት ስትደርሱ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ጭንቅላት በቢላ ጀርባ ግፉት። ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ብትሠሩት ወደ ግድግዳው አይፈናጠርም። የጀርባውን እሾህ ተጠንቀቁ፤ መጀመሪያ በመቀስ ቁረጡት። ሆዱን ከፍታችሁ አውጡ፣ ውስጡ ያለችውን ጥቁር ስስ ሽፋን በጣታችሁ ፈትጋችሁ አስወግዷት። ምሬቱን የምታመጣው እሷ ናት። ጎኑን ሦስት ቦታ ቀደድ አድርጋችሁ በጨውና በሎሚ እሹት። ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃውን አድርቁት፣ ዱቄት ነካ አድርጉት፣ በጋለ ዘይት ጥበሱት። በርበሬ አስቀድማችሁ አትጨምሩ፣ ያርራል። አዋዜውን ለብቻው አቅርቡት። አንዱ ወገን ሳይጠነክር አታገላብጡት፤ ይፈረካከሳል።

ጎረቤት ስትጠሩ አሳ ጥሩ ነው። ሥጋ ሲሆን የማን ቢላ ነው የሚለው አለ። አሳ ላይ እሱ የለም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። በጾም ወራት ግን ከክርስቲያን ጎረቤቶቼ አሳ የሚበላም የማይበላም አለ። ጠይቃችሁ ሥሩ። እኔ እማማን ስጠራ በዐቢይ ጾም ሽሮ ነው የማቀርበው።

ልጆች ላላችሁ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥታው ግን ያታልላል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። ዳር ዳር ጉልበት የሚያህል ውሃ አይታችሁ ልጅ አትልቀቁ። ልጆቼ እግራቸውን ከማስነከር በላይ አልፈቅድላቸውም፤ እሱንም እጃቸውን ይዤ። ታንኳ ላይ የምትወጡ ከሆነ ጠዋት ይሁን፣ ከምታውቁት ሰው ጋር ይሁን፣ ሰው ከበዛበት ተዉት።

የያዛችሁትን ፌስታልና ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ከሐርዲቦ ሐይቅ በአንካርካ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ወደዚህ ይገባል፤ ከዚህ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የጣላችሁት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። የውሃውም ዳር ከዓመት ዓመት እየሸሸ መምጣቱን ሽማግሌዎቹ ድንጋይ እየጠቆሙ ያሳያሉ።

እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ሴት አይገባም። እኔ ከውጪ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቆሜ ባለቤቴንና ወንድ ልጄን እጠብቃቸዋለሁ። ቅር አይለኝም፤ ወፎቹን ሳይ ጊዜው ይሄዳል። ቄሶቹ የተናገሩትን ልጄ ሲመለስ በሙሉ ይነግረኛል። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው፤ ያን ሰሞን ከደሴም ከሌላም ሰው ስለሚመጣ መኪና አታገኙም ማለት ይቻላል። ሥራ ካላችሁ ዋዜማውን ደሴ እደሩ።

እሑድ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። ሐይቅ መኖራችሁን የሰማ የደሴ ወዳጅ ሁሉ «እሑድ አሳ ልንበላ እንመጣለን» ይላል። ደስ ይላል፣ ግን በወር አንዴ አድርጉት። ሌላውን እሑድ ለራሳችሁ ያዙ፤ ልብስ ይታጠባል፣ ከልጅ ጋር ይጠናል፣ ለሰኞ ይተኛል።

ለባልደረባዬ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከደሴ ማታ ስትሳፈሪ በስተቀኝ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። ቁልቁለቱን ጨርሰሽ ስትቃረቢ ውሃው በቀኝ በኩል ብልጭ ይላል። ልጄ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ትደውልልኛለች። «እማ፣ ሐይቁ ታየሽ?» ትለኛለች። ገና ከሆነ «ገና ነኝ» እላታለሁ። ታየኝ ካልኳት ስልኩን ትዘጋና ጀበናውን ትጥዳለች፤ በር ስከፍት አቦሉ ይቀዳል።